ጋሼ ፋይል መንጃ ፈቃድ ሲያወጡልኝ

በሰው አገር መኪና መንዳት የሚፈልግ ሁሉ፣ ከመኪናው በፊት አንድ ወረቀት አዋቂ ሽማግሌ ይታዘዝለታል። ወደደም ጠላም አያመልጠውም። ለእኔ የታዘዙልኝ የታች ቤት ጎረቤቴ፣ ክቡር ጋሼ ፋይል ናቸው።

የጋሼ ፋይል ሰላምታ «እንደምን አደርክ» አይደለም፤ «ኮፒ አለው?» ነው። ወንድሜ ልጅ መውለዱን ሳበስራቸው እንኳ መጀመሪያ የጠየቁት የልደት ምስክር ወረቀቱን ነው። ሰማያዊ ፋይላቸው ከብብታቸው ሥር ጠፍቶ ያየ ሰው ካለ እኔ አልሰማሁም።

በጭነት መኪና ሹፌርነት ተቀጥሬ ሰኞ ሥራ ልጀምር ነበር። እስከዚያ ያገሬን መንጃ ፈቃድ በዚህ አገር ካላስቀየርኩ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ጭንቀቴን ስነግራቸው ሠርግ የተጠሩ መሰሉ።

«ይተርጎም» አሉ። ተተረጎመ። «ሌላ ቦታም ይተርጎም፤ አንዱ ቢጠፋስ?» እሱም ተተረጎመ። ዓይኔን አስመረመሩኝ። የቤት ኪራይ ውሌን ማኅተም አስመቱኝ። «ጆሮህ አይታይም» እያሉ አራት ጊዜ ፎቶ አስነሱኝ። እግሬ እስኪቀጥን ዞርኩ።

ዓርብ ዕለት የመንጃ ፈቃድ ቢሮው መስኮት ጋ ደረስን። ሠራተኛዋ መንጃ ፈቃዴንና አንዱን ትርጉም አየችና ማኅተሟን አነሳች። በቃ፣ አለቀ! ጋሼ ፋይል ግን ተቆጡ።

«የኔ እህት፣ ሌላውን ሳታዪ ነው የምትመቺው? ይሄ ሁሉ ወረቀት ለምን መጣ?» ብለው የቀረውን በመስኮቱ አሾለኩላት።

አነበበች። ማኅተሟን መልሳ አስቀመጠች። አንዱ ተርጓሚ «የጭነት መኪና» ያለውን ሌላው «ሞተር ሳይክል» ብሎታል።

«የትኛው ነው ትክክሉ?» አለች። ወደ ጋሼ ዞርኩ።

«ጋሼ፣ ጉድ ሠሩኝ!»

«አታውቀኝም ማለት ነው» አሉና ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ሦስተኛ ትርጉም መዘዙ። ሁለት ማኅተም ያለበት የጭነት መኪና! ሴትየዋ ሳቋ አምልጧት መታችልኝ።

እህቴ መኪናዋን ይዛ በር ላይ ትጠብቀን ነበር። ቁልፉን ነጥቄ እሷን ከኋላ፣ ጋሼን ከጎኔ አስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሲነዱ ግን አይቼ አላውቅም።»

«አገር ቤት ሃያ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ። እዚህ ማረጋገጫ አምጣ ሲሉኝ፣ መንጃ ፈቃዱን የሰጠኝ ቢሮ መዝገቤን ጥሎታል። ቀረ በቃ» አሉ፤ እየሳቁ።

አንጀቴን በሉት። መስቀለኛ መንገድ በደረስን ቁጥር ቀኝ እግራቸው ከእኔ ቀድሞ ወለሉን ይረግጣል፤ አንዴም አልሳተም።

«ቤታችን በቀኝ ነው» አሉኝ።

«አውቃለሁ ጋሼ» አልኩና በረጅሙ መንገድ ወደ ግራ ታጠፍኩ።