የሻምበል ባንታምላክ ግድግዳ

በየከተማው፣ ጦርነቱ አልቋል ቢሉት የማይሰማ አንድ ሽማግሌ አይታጣም። የሱዳኗ ገዳሪፍ ሽማግሌ ሻምበል ባንታምላክ ናቸው። ሻምበልነቱን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው፤ የደርግ ሠራዊት ሲበተን በመተማ በኩል የተሻገሩትስ አስር አለቃ ሆነው ነበር።

ይህን ከማሚት በላይ የሚያውቅ የለም። ሻይ የምትሸጥበት የሣር ዳስ ከበራቸው ፊት ለፊት ነው። ጠጪዎቿ ብርጭቋቸውን ሳይጨርሱ ሻምበል ክንዳቸውን ይዘው ወደ ቤት ያስገቧቸዋል። ግድግዳው ላይ አሥራ አንድ ሟች ጓዶቻቸው ባለመስተዋት ፍሬም ውስጥ ተደርድረዋል። ከየፎቶው ሥር ከወደቁበት የተለቀመ ዕቃ ተሰቅሏል፤ ጥይት የበሳው ኮዳ፣ ግማሹ የተቃጠለ ከስክስ ጫማ፣ የብረት ቆብ። ሻምበል ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት እንደወደቀ በቃላቸው ይወጡታል። ውሃ በጋሪ የሚያመጣውን ኸይረዲንን አንድ ቀን እስከ ስምንተኛው ሟች አቆሙት፤ አህያው በርሜሉን እንደጫነ ብቻውን ወደ ቤቱ ሄደ።

ከክፍለ ጦራቸው ውጪ ግን ማንም አይሰቀልም። አንዱ የአጎቱን ፎቶ ቢያመጣ፣ "ይሄ ሰልፍ ነው፣ የሰርግ አልበም አይደለም" ብለው መለሱት።

ባለፈው ክረምት ለተገብርኤል የምትባል ሴት ከቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ መጣች። ማሚት የቀዳችላትን ሻይ ሳትነካ፣ በፌስታል የጠቀለለችውን ፎቶና ቀበቶ ይዛ ሻምበል ቤት ገባች። ፎቶው በትግራዩ ጦርነት የሞተው ልጇ የጉዕሽ ነው። ድንኳኗ ስለሚያፈስ መበላሸት ጀምሯል።

ማሚት ደንግጣ በሩ ላይ ቆመች። አሥራ አንዱም የወደቁት የዚህችን ሴት ወገኖች፣ የትግራይን ታጋዮች፣ ሲዋጉ እንደነበር ሻምበል መቶ ጊዜ ነግረዋታል።

"የት ነው የወደቀው?" አሉ ሻምበል።

"አላውቅም፣ አባቴ። ጓደኛው ቀበቶውን ብቻ ነው ያመጣልኝ።"

"ቀኑስ?"

"አልነገረኝም።"

ሻምበል ፎቶውን ተቀበሏት። ትርፍ ፍሬም አልነበራቸውም። የራሳቸውን የጎረምሳነት ፎቶ ከጥግ አወረዱ፤ መስተዋቱን በሸሚዛቸው ጫፍ ወልውለው ጉዕሽን አስገቡበት። ቀበቶውን ሲሰቅሉ ሚስማሩን ሁለት ጊዜ ሳቱት።

አሁን እንግዳ ሲመጣ አሥራ አንዱን ይዘረዝሩና ጉዕሽ ጋ ሲደርሱ፣ "ይሄን የምታውቀው እናቱ ናት" ብለው ያልፋሉ።

ለተገብርኤል መኪና ባገኘች ቁጥር ትመጣለች። ሻምበል ያለቻቸውን አንዲት ወንበር ከፎቶው ፊት ያስጠጉላትና ይወጣሉ። ባለፈው ቅዳሜ ማሚት ፀሐይ ላይ ቆመው አየቻቸው።

"ቤትዎ አይገቡም?"

"ከልጇ ጋር ናት።"

ማሚት ከጠጪዎቿ አንዱን አስነሥታ በርጩማውን ጥላው ውስጥ አኖረችላቸው። ሻዩንም ስኳር አብዝታ ቀዳችላቸው።