ከአልጋ ሥር የወጣ ጃዝ

ጃዝ ወዳጅ ነኝ የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ተጠንቀቁ። ዕድሜዬን በሮክ ስለፈጀሁ አውቃለሁ። ሮክ የሚወድ ሰው ይጮኻል፣ ላቡ ይንጠፈጠፋል፣ ጎረቤት ይረግመዋል፤ ቢያንስ ምን እንደያዘው ይታወቃል። ጃዝ ወዳዱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን እንደታመመ በግ ይነቀንቃል፤ ገብቶህ ነው ወይ ብትሉት በሐዘኔታ ያያችኋል። ታዲያ የጠሉት ይወርሳል። ጠጉሬ ሲሸሽ፣ ጊታሩም ራሴን ማዞር ሲጀምር፣ እኔው ራሴ የጃዝ ሸክላ ሰብሳቢ ሆኜ አረፍኩት።

ወልድያ ውስጥ ሸክላ የሚያሳድድ ሌላም ሰው አለ፤ ሰለሞን የሚባል ባለካፌ። ማጫወቻ የለውም። ሸክላውን በምስማር ግድግዳ ላይ ይቸነክረዋል፤ ደንበኛው ማኪያቶውን ይዞ ከሥሩ ፎቶ ይነሳል። ሙዚቃ ሲሰቀል ያየሁት እዚያ ነው።

መርሳ ከተማ የሚኖሩት እማማ ዘሐራ የሟች ባላቸው ሸክላ እንዳላቸው የሰማነው እኩል ነው። ሟቹ አሰብ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ጃዙን ከወደብ መርከበኞች ይገዙ ነበር አሉ። ማጫወቻቸው ከተበላሸ ወዲህ ሸክላው አልጋ ሥር ተቀምጧል። ሸክላውን ፈልገን ቤታቸው ስንሄድ፣ እማማ ሁለታችንንም አዳመጡና፣ ድምፁን ለሚያሰማቸው ሰው እንደሚሰጡ ነገሩን። ሰለሞን ስልኩን መነካካት ሲጀምር፣ "ከዚያ አይደለም፣ ከዚህ" ብለው ወደ አልጋው ሥር ጠቆሙ። በልቤ ሳቅሁበት።

በማግስቱ ማጫወቻዬን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሲሪንቃ ላይ የተሳፈሩ አዛውንት ሚዛን መስሏቸው ጤፋቸውን ሊያስመዝኑኝ ነበር።

ከአልጋው ሥር በወጣው ሸክላ ላይ መርፌውን ሳሳርፍ ትራምፔቱ ቤቱን ሞላው። እማማ ዘሐራ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው እስኪያልቅ ሰሙት።

"ከመንገድ ሲገባ መጀመሪያ የሚከፍተው ይኼን ነበር" አሉኝ ኋላ። "ጓዳ ሆኜ ስሰማው በሰላም መግባቱን አውቅና ለእግሩ ውሃ እጥዳለሁ።"

እንባቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። "አላህ ይስጥህ ልጄ። መስጠቱን ግን አልቻልኩም። ማጫወቻውንስ ትተህልኝ ትሄድ ይሆን?"

እምቢ የሚል አንደበት ከየት ላምጣ? ባዶ እጄን ወልድያ ገባሁ።

አሁን ጃዝ ባማረኝ ቁጥር መርሳ እወርዳለሁ። ባለፈው ደግሞ፣ እስቲ የእኔንም ይስሙልኝ ብዬ አንድ የሮክ ሸክላ ይዤላቸው ሄድኩ። በጨዋ ደንብ እስከ መጨረሻው ሰሙልኝ። ዘፋኙ ጮኾ ጮኾ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን ሆኖ ነው? ማን በድሎት ነው?"

ያን ሁሉ ዘመን ስሰማው፣ እኔ አንድ ቀን ጠይቄለት አላውቅም።