ሣር የማትበላ በቅሎ

ርካሽ ዕቃ ሲያይ ማለፍ የማይችል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔስ አግብቼዋለሁ። የልጆቼ አባት እንድሪስ ከደሴ አሮጌ ብስክሌት ገዝቶ፣ ዳገቱን በትከሻው ተሸክሟት መጣ።

«ፍሬን ስለሌላት ረከሰች» አለኝ ደስ ብሎት።

 

«እንድሪስ፣ ማን ማንን ነው የሚጋልበው?» አለው ጎረቤታችን።

«ሳቅ! ቢያንስ ሣር አትበላም።»

በዓመቱ ዝናቡ ቀረ፤ የሰፈሩ በቅሎዎች አለቁ። ቤታችን እህል ሲጠፋ እንድሪስ ብስክሌቷን እየገፋ አቀስታ ከተማ ሄደ። በአራተኛው ቀን የእርዳታ ስንዴ ጭኖባት በእግሩ ተመለሰ። ጎረቤታችን ሳይስቅ መጣና «ወንድሜ እንድሪስ፣ በቅሎህን ነገ ታውሰኛለህ?» አለው።

እስከ ዛሬ ማንም ተቀምጦባት አያውቅም። ልጆቼ ግን በእሷ ጠግበው አድረዋል፤ አልሐምዱሊላህ።