የክቡር ኢንጂነር ሀቢብ ማግኔት

ሐበሻ ተጠጋግቶ በሚኖርበት ቤት ሁሉ ሳይጠየቅ የሚያስረዳ አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ ስለ ኢቃማ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዱ ያስረዳል፣ ሌላው ስለ ኩላሊት። ሪያድ ጉበይራ ሰፈር ውስጥ፣ አሥራ አንድ ሆነን በምንኖርበት አሮጌ ቤት ለእኛ የደረሰን የቧንቧ ሊቅ ነበር፤ ክቡር ኢንጂነር ሀቢብ ዘባቲ።

የምህንድስና ማዕረጉን ያገኘው የአንድ ግብፃዊ ቧንቧ ሠራተኛን የዕቃ ሻንጣ ሁለት ዓመት ተሸክሞ ነው። ኢቃማ የለውም፤ አስተያየት ግን ሞልቶታል። ሰው ቤት ሲገባ ከባለቤቱ በፊት ቧንቧውን ነው ሰላም የሚለው። ከተሰበረ ስፒከር የፈታትን ማግኔት ከኪሱ አውጥቶ ይለጥፍበታል። ማግኔቷ ከያዘች ቧንቧው ብረት ነው፣ የሀቢብ ፊት ይፈታል። ካልያዘች በቁልፍ ይፍቀዋል። ቀይ ካወጣ መዳብ ነው፣ ምሕረት ያገኛል። ነጭ ሆኖ ካበራ ግን ጉድ ፈላ፤ "እርሳስ! ጥይት የሚሠራበት እርሳስ! እህቴ፣ ጥይት እየጠጣችሁ ነው!" ይላል። አንዴ መንሱራ ሰፈር ለቅሶ ልንደርስ ሄደን፣ ሰው "እግዜር ያጽናችሁ" ሲል ክቡርነታቸው ማግኔታቸውን ይዘው ማድ ቤት ገቡ። በኀፍረት የምገባበት ጠፋኝ።

የኛ ቤት የሚታየው ቧንቧ በሙሉ ብረት ሆኖ የሚጮህበት አሳጥቶት ነበር። ቢሆንም አላመነውም። በየጠዋቱ ማድ ቤቱ በር ላይ ይቆምና "መጀመሪያ ይፍሰስ!" ይላል። ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ያደረውን ውሃ በባልዲ ቀድቶ ወለል ያጥብበታል። እኛ ለሥራ ረፍዶብን፣ ጀበናም ጀሪካንም ይዘን ተሰልፈን እንጠብቃለን።

"ሀቢብ፣ ኸላስ፣ በቃ! እናፈላው የለ እንዴ?" አልኩት አንድ ቀን።

"ወንድሜ፣ ማፍላት ተባይ ይገድላል። እርሳስ ተባይ ነው? ብታፈላው ውሃው ይቀንሳል እንጂ እሱ ንቅንቅ አይልም።"

ማንፉሃ ሰፈር ውስጥ ሐበሻ በጅምላ ከታፈሰ ሁለት ዓመት ያህል በኋላ በመጣው በጋ ነገሩ ተለወጠ። በሪያድ በጋ ጣራ ላይ ያለው ታንከር ሲንተከተክ ስለሚውል የቀዝቃዛው ቧንቧ እጅ ይልጣል። ስለዚህ የውሃ ማሞቂያውን እናጠፋለን፤ እሱ ቤት ውስጥ ጥላ ሥር ስለሆነ፣ ለብ ያለውን ውሃ የምንቀዳው ከሙቁ ቧንቧ ነው። በብልሃታችን እንኮራ ነበር። እዚያው ቤት ጎናችን ያለው ክፍል የምትኖረው ዘሪቱም የአምስት ወር ልጇን የሉብናን የዱቄት ወተት በዚሁ ትበጠብጣለች። "ለሕፃን ልኩ ነው" ትላለች።

አንድ ሐሙስ ማሞቂያው አፈሰሰና ሀቢብ ሊጠግነው ከግድግዳው አወረደው። ከኋላው ክንድ የሚያህል ግራጫ ቧንቧ ብቅ አለ። ማግኔቷን ቢያስጠጋት ወደቀች። በቁልፍ ፋቀው፤ ነጭ ሆኖ አበራ። ይጮሃል ብዬ ጆሮዬን ልይዝ ስል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ከዚህ ቧንቧ ማነው ሚጠጣ?" አለ። ዘሪቱ ጡጦ በእጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ለቤቱ ባለቤት እንዳንነግር፣ ሽማግሌው ሳውዲ "አንድ ስሞታ ከሰማሁ ሁላችሁም ውጡ" ብሎናል። እንዳንተወው፣ ሉብና አለች። ሀቢብ ማንንም አላማከረም። ዓርብ ጠዋት የቤቱን ውሃ ዘጋና ግራጫውን ቧንቧ በመጋዝ ቆርጦ በፕላስቲክ ለወጠው። ሊጨርስ ሲል ባለቤቱ ደረጃውን ወጥቶ ከች አለ።

"ቧንቧዬን ማን ቆረጠው?" ሲል በዓረብኛ ጠየቀ።

ከወንዶቹ ኢቃማ ያለኝ እኔ ነበርኩ። "እኔ ነኝ" ማለት የነበረብኝም እኔ ነኝ። ጫማዬን አየሁ።

"እኔ ነኝ" አለ ሀቢብ። ቁራጩን አንስቶ በቁልፍ ፋቀና ዘረጋለት። "ያ ሸይኽ፣ ከዚህ የወጣ ውሃ የልጅ ልጅህን ታጠጣለህ?"

ሽማግሌው ቁራጩን በጣቱ ዳሰሰ። አንዴ ሉብናን፣ አንዴ ሀቢብን አየ። "ነገ ጠዋት እመጣለሁ፤ እንዳትጠፋ" ብሎ ቁራጩን ይዞ ወረደ።

ሁላችንም ተርሂል ነው ብለን ደመደምን፤ ወደ አገር ሊጠርዙት ነው። "ዛሬውኑ ጥፋ" አልነው። "እኔ ብጠፋ እናንተን ያስወጣል" አለና ሻንጣውን አዘጋጀ። ማግኔቷን እኔ እጅ ላይ አስቀመጠ። "አደራ፣ መጀመሪያ ይፍሰስ።"

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌው መጥቶ በመኪና ወሰደው። ማድ ቤቱ በር ላይ የሚቆም አልነበረም። ሆኖም ሁላችንም፣ አንዳችን የሌላችንን ዓይን እየሸሸን፣ መጀመሪያ አፈሰስን። እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ማታ ሻንጣውን እንደያዘ ተመለሰ። ሽማግሌው የወሰደው ወደ እናቱ አሮጌ ቤት ነበር፤ ቧንቧውን አንድ በአንድ ሲያስፈትሸው ዋለ። ሻይ ቢያቀርቡለት "ውሃው መጀመሪያ ፈሷል?" ብሎ ጠይቋቸዋል። ይባስ ብሎ ሉብናን ሐኪም ቤት እንዲያደርስለት ሽማግሌውን ቃል አስገብቶታል። ደሟ ተመርምሮ በሳምንቱ ደህና ነች ተባለ።

ያን ዕለት ማታ ግን ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ "ማግኔቴስ?" አለኝ።

ከኪሴ አወጣኋት። እያፈርኩ "የምሠራበት ሱቅ ጓዳ ውስጥ ያለው ቧንቧ ላይ... አልያዘችም" አልኩት።

አልሳቀብኝም። "በቁልፍ ፋቅኸው?"

"ፋቅኩት።"

"አበራ?"

"አበራ።"

ሻንጣውን ከፍቶ መጋዙን አወጣ። "ያላ፣ እንሂድ፣ ጫማህን አድርግ" አለኝ። እኔ ግን ጫማዬን አስቀድሜ አድርጌ ነበር።