አያስፈልግም

እርስዎ የሚያስፈልግዎትን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔ ስልክ ልገዛ ወጥቼ እዚሁ መቱ አግኝቼዋለሁ።

ባለሱቁ ያቀበለኝን አዲስ ስልክ አገላብጬ «የማዳመጫው ቀዳዳ የታለ?» አልኩት።

«ቀርቷል ጋሼ። አያስፈልግም።»

«ሜሞሪ ካርዱስ በየት ይገባል?»

«አያስፈልግም። ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ።»

አለ እንጂ! ዳሪሙ ገጠር ወዳለው የቡና ማሳዬ ስሄድ ግን ኢንተርኔቱ እኔን ሸኝቶ መቱ ይቀራል።

«እሺ፣ ባትሪው ሲደክም አውጥቼ እቀይረዋለሁ?»

«አይወጣም። ማውጣትም አያስፈልግም።» አማርኛው ያልገባኝ መስሎት ነው መሰለኝ፣ በኦሮምኛ ደገመልኝ፦ «ሂን ባርባቺሱ!»

በሁለት ቋንቋ መከልከል እንዲህ ነው። ሚስቴ እንኳ፣ ይህን ሁሉ ዘመን አብራኝ ኖራ፣ እንዲህ ደፍራ አታውቅም!

«ታዲያ ሬዲዮ በምን ልስማ?» ብዬ ጮህኩ።

«ጋሼ፣ አንዴ ዝም ይበሉልኝ፤ ጎል ሊገባ ነው!» ብሎ እጁን አነሳ።

ያኔ ነው አንድ ጆሮው ላይ የተሰካውን ገመድ ያየሁት። በዓይኔ ተከትዬው ብወርድ፣ ከደረት ኪሱ ውስጥ አንዲት አሮጌ ባለቁልፍ ስልክ ብቅ ብላለች፤ ገመዱ ቀዳዳዋ ላይ ተሰክቷል።

«እሷን ሽጥልኝ» አልኩት።

ኪሱን በመዳፉ ሸፈነ። «እሷ እንኳን ታስፈልገኛለች።»