ጠማማዎቹ ተለጣፊዎች

(የሆስፒታል ክፍል። ልብስ ሰፊው አልጋ ላይ ተቀምጧል። ነገ ጠዋት በሮቦት ክንድ እየታገዙ ከጭንቅላቱ ዕጢ ያወጡለታል። ጸጉሩ ተላጭቶ ስድስት ክብ ተለጣፊዎች እዚህም እዚያም ተለጥፈውበታል። የእህቱ ባል፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ ከኋላው ቆሞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያነጣጥራል።)

ጸጉር አስተካካዩ፦ ጠማማ ናቸው አልኩህ!

ልብስ ሰፊው፦ ሐኪሙ አይነካ ብሏል።

ጸጉር አስተካካዩ፦ ሐኪም ስለ ጭንቅላት ምን ያውቃል? ሃያ ዓመት ሙሉ ጭንቅላት የያዝኩት እኔ! በግራ አራት፣ በቀኝ ሁለት። ይኼ ሥራ ነው?

ልብስ ሰፊው፦ ሮቦቱ ዕጢው ያለበትን የሚያገኘው ከነሱ እየለካ ነው አሉ።

ጸጉር አስተካካዩ፦ ለኔ ነው የምትነግረኝ? ማሽን ሥርዓት ይወዳል። ይኼን ዝብርቅርቅ ሲያይ ተናዶ ቢቆምስ?

ልብስ ሰፊው፦ ይናደዳል እንዴ?

ጸጉር አስተካካዩ፦ ከሰው በላይ! (ጥፍሩን ከአንዷ ተለጣፊ ሥር ያስገባል።) አትነቃነቅ።

ልብስ ሰፊው፦ አማቼ፣ ሮቦቱ ቦታ ስቶ የሰው ስም የማስታውስበት ጋ ቢገባስ?

ጸጉር አስተካካዩ፦ እኔ እያለሁልህ? አስታውስሃለሁ።

ልብስ ሰፊው፦ የልጆቼንም ስም?

ጸጉር አስተካካዩ፦ የልጆችህንማ... ትልቋን ማን ነበር የምትሏት?

(ስድስቱንም ነቅሎ ከግንባር እስከ ማጅራት በአንድ መስመር ይደረድራል። ከኪሱ መስታወት አውጥቶ ከኋላ ያሳየዋል።)

ልብስ ሰፊው፦ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ቀጥ ብሏል።

ጸጉር አስተካካዩ፦ አየህ! አሁን ሮቦቱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል። (ኮቱን አንስቶ በሩ ጋ ይቆማል።) ቆይ፣ አንተ ግን ምን እንዲህ አረጋጋህ? ሌላው ሰው ቢሆን እኮ እጄን ይነክሰኝ ነበር።

ልብስ ሰፊው፦ ትርፍ ተለጣፊዎች ናቸው። «የእህቴ ባል ሊጠይቀኝ ይመጣል» ብዬ ነርሷን ለምኛት ነው የለጠፈችልኝ። እውነተኞቹን አንተ ስትወጣ ትለጥፋለች። ሮቦቱ የሚለካበት የጭንቅላቴ ምስልም የሚነሳው ከዚያ ወዲያ ነው።

ጸጉር አስተካካዩ፦ አታለልከኝ?

ልብስ ሰፊው፦ የሥራ አመል ሆኖብኝ ነው። አስተያየት የሚያበዛ ደንበኛ ሲመጣ ጨርቁ ላይ በጠመኔ የውሸት መስመር አሰምርለታለሁ። እንደ ልቡ አስተካክሎ፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። እኔም ጨርቁን ገልብጬ እቆርጣለሁ።

ጸጉር አስተካካዩ፦ (ከበሩ ይመለሳል።) የሠርጌ ሱሪስ? የሱን ወገብ እኮ ያሰመርኩት እኔ ራሴ ነኝ!

ልብስ ሰፊው፦ ታዲያ ልክህ አልነበረም?