ከጉልበት በታች የተቆረጠ ጡረታ

ነጋዴ ጡረታ አይወጣም፤ ወይ ይሞታል፣ ወይ ይከስራል። ምን ያስቃችኋል? እውነቴን እኮ ነው! ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሚዛን ከተማ ገበያ ቡና ስገዛና ስሸጥ ጎብጫለሁ፤ የጡረታ ዋስትናዬ ደግሞ... አፌ ነው።

በዚህ አፌ ነው እትዬ ብርነሽን ያገኘኋቸው። እትዬ ብርነሽ ሃያ ስድስት ዓመት ቤይሩት የሰው አሮጊት ሲያስታምሙ ኖረው፣ ራሳቸው አርጅተው አማን ያለችው እህታቸው ቤት የገቡ ሴት ናቸው። ሻንጣ፣ ሦስት ብርድ ልብስና ጥቂት ጥሪት ይዘዋል። ጡረታ? ለቤት ሠራተኛ ማን ሰጥቶ!

"ለእርጅናዬ አንድ ነገር ፈልግልኝ" አሉኝ። "እኔ ብተኛም የማይተኛ።"

"ቡና ነዋ እትዬ!"

ሸዋ ቤንች በኩል አባቴ የተወልኝ የቡና ማሳ ነበረኝ። ማሳ ካላችሁት! ዛፎቹ በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ግንዳቸው ሸብቷል፤ የዓመት ምርታቸው ባርኔጣ አይሞላም። "መሬት አይሸጥም" እንዳትሉኝ ብቻ፤ ጥሪታቸውን ተቀብዬ የለቀቅኩላቸው ቡናውን ነው፤ ሕግ እናውቃለን! ያን ቀን ከደስታዬ ብዛት ከባጃጅ ሹፌር ጋር በሂሳብ ሳልከራከር ወረድኩ። ሚስቴ "አሞሃል እንዴ?" ብላ ግንባሬን ዳሰሰች።

በወሩ ወሬው ገበያውን አዳረሰ። እትዬ ብርነሽ የግብርና ባለሙያ መክሯቸው ቡናውን በሙሉ በመጋዝ ከጉልበት በታች ጎንድለውታል! ሮጬ ደረስኩ። ማሳው ጉቶ በጉቶ ሆኗል።

"እትዬ! ጡረታዎን እኮ ቆረጡት!"

"ይህ ካልያዘልኝ በስድሳ አንድ ዓመቴ ተመልሼ የሰው ወለል ልወለውል ነው" አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። "ግን አሮጊት ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያረጀ ሁሉ አልቆለታል ማለት አይደለም። ለመሆኑ ሥሩን አይተኸው ታውቃለህ?"

ሥር! እስቲ ፍረዱኝ፣ የትኛው ነጋዴ ነው ሥር የሚያይ?

ሁለት ዓመት ሙሉ በጉቶዎቹ መሃል ቦሎቄ እየዘሩ ከረሙ። እኛ ደግሞ ገበያ ተቀምጠን "የጉቶዋ ጡረተኛ" እያልን ሳቅን። ሳቁን የምመራው እኔ ነበርኩ።

ሦስተኛው ዓመት ላይ... ምን ልበላችሁ! ከየጉቶው ሁለት ሦስት ጎረምሳ ግንድ ተመዟል፤ ቅርንጫፉ ቀይ እሸት ከብዶት መሬት ሊነካ ነው። እኔም ጆንያ ይዤ ልገዛ ተሰለፍኩ... የአባቴን ቡና! ያውም ከፊቴ አምስት ነጋዴ ቆሞ!

ተራዬ ሲደርስ ያቺን ዋስትናዬን አሠራኋት።

"እትዬ፣ እንግዲህ እኔም አረጀሁ፤ ጡረታ የለኝ። ማሳውን ልጠብቅልዎ፣ ይቅጠሩኝ።"

ከራስ ፀጉሬ ጀምረው ቁልቁል አዩኝ። ዐይናቸው ወርዶ ወርዶ ጉልበቴ ላይ ቆመ።

"አርጅተሃል?"

"በጣም!"

"ፍሬም የለህ?"

"ምንም!"

ማሳው ዳር ወዳለው ጎጆ ዞሩና ለቃሚዎቹን ተጣሩ፦ "እስቲ ያን መጋዝ አቀብሉኝ!"

ጆንያዬን እዚያው ጥዬ ነው የሮጥኩት። አስፋልቱ ላይ ስደርስ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ጉልበቴ ለካ ለጡረታ ገና ነው!